መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ስሜቱን በስሙ ጥሩት

ተናዳችሁ መልስ ልትሰጡ ስትሉ ወይም ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳችሁ ይህን ሞክሩ። የሚሰማችሁን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ንገሩት፦ «አሁን ቁጣ እየተሰማኝ ነው»፣ «ይህ ፍርሃት ነው»። በቃ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆይ።

ነገሩ እጅግ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ በፎቶግራፍ ያዩትን ፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙ፣ ለአደጋ ፈጥኖ የሚነሳው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። በግንባር በኩል ያለው፣ ስሜትን ለመግራት የሚያግዘው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ሠርቷል።

ከስያሜው በኋላ ስሜቱ ሰውነታችሁ ላይ የት እንዳለ ፈልጉ። መንጋጋ ተቆልፏል? ትከሻ ወደ ላይ ተሰብስቧል? ደረት ከብዷል? ለማስተካከል አትቸኩሉ፤ ጥቂት ትንፋሽ እስክትወስዱ ድረስ ዝም ብላችሁ አስተውሉት። ሐሳባችሁ ወደ ጠቡ ተመልሶ ከሄደ ራሳችሁን አትውቀሱ። መሄዱን አውቆ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው።

ታዲያ በትልቁ ቁጣ አትጀምሩ። ወረፋ ሲረዝም፣ ኮምፒውተር ሲዘገይ፣ ሰው ንግግራችሁን ሲያቋርጥ በሚመጣው ትንሽ መሰላቸት ተለማመዱ። ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት ያለበት ሰው ግን ወደ ውስጥ መመልከቱ ሥቃዩን ከቀሰቀሰበት፣ ያቁምና ከባለሙያ ጋር ይቀጥል።