ከድሬ ተነስቶ ውቅያኖስ ለመቅዘፍ፦ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝም ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። ጅቡቲ ግን በባቡር ይደረሳል፤ ስለዚህ የውቅያኖስ ቀዘፋ የሚያምረው የድሬ ልጅ ከንቱ ምኞት አልተመኘም። አጀማመሩ ላይ ግን መጠንቀቅ አለበት።

በክንድ መቅዘፍ። ጂም ውስጥ የቀዘፋ ማሽን ካገኛችሁ ልብ በሉ፤ ወንበሩ የሚንሸራተተው ለእግር ተብሎ ነው። መጀመሪያ በእግር ግፉ፣ ከዚያ ጀርባችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ክንድ የሚስበው መጨረሻ ላይ ነው። ስትመለሱ ክንድ ይቀድማል፣ እግር ይከተላል። እጀታውንም ጨምቃችሁ አትያዙት፤ መዳፍ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል።

ለፍጥነት መልመድ። እ.ኤ.አ. በ1966 ብሪታንያውያኑ ጆን ሪጅዌይና ቼይ ብላይዝ ከአሜሪካ አየርላንድ ለመድረስ 92 ቀን ቀዝፈዋል። ዛሬም ብዙዎቹ ቀዛፊዎች ሁለት ሰዓት ቀዝፈው ሁለት ሰዓት ያርፋሉ፣ ቀንም ሌሊትም። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ከመንደርደር ይልቅ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት መቅዘፍን ልመዱ።

ዋና ሳይችሉ ባሕር መግባት። ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ግዴታ ነው፣ ዋናን ግን አይተካም። ድሬ ውስጥ መዋኛ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ አሰልጣኝ ይዛችሁ ጀምሩ። በልብስ መዋኘትን፣ በጀርባ መንሳፈፍን፣ ከውሃ ወደ ጀልባ መውጣትን ተለማመዱ። ጀልባ ሲገለበጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥሎት ወደ ዳርቻ በመዋኘት ነው። በፍጹም! የተገለበጠ ጀልባም ይንሳፈፋል፤ ሊያድን የመጣ ሰውም ከሩቅ የሚያየው ጀልባውን እንጂ ጭንቅላታችሁን አይደለም። የውቅያኖስ ጀልባዎች የመኝታ ጓዳቸው በር ከተዘጋ ራሳቸው ይቃናሉ፤ ቀዛፊውም በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራል። በሩን ክፍት መተው ወይም ገመዱን መፍታት ሕይወት ያስከፍላል።

በዳርቻው ጸጥታ መታለል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ከነፈሰ ዳር ላይ ውሃው ረጋ ይላል። መውጣቱ ይቀላል፣ መመለሱ ግን ከነፋሱ ጋር ትግል ነው። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ የከፋ ነው፣ ከበረሃው የሚመጣ ትኩስ ነፋስም አለ። ለጀማሪ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። ያኔም ቢሆን ከመውጣታችሁ በፊት ዓሣ አጥማጆቹን ስለ ነፋሱ ጠይቁ።

ልምምድንና በርጫን ማጣመር። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይቀንሳል። ቀዛፊ ደግሞ የሚኖረው በምግብና በእንቅልፍ ነው። በድሬ ሙቀት ያላበው ሰው ውሃና ጨው መተካት አለበት፤ በቃ፣ አንዱን ምረጡ።

የባሕር ጨውና ፍትጊያ ቆዳ ላይ የሚያመጡትን የጨው ቁስልንም አትናቁ። ከቀዘፋ በኋላ ገላን፣ በተለይ መቀመጫን፣ በንጹሕ ውሃ ታጠቡና አድርቁ።

ጀልባ ለመግዛት መቸኮል። የመኝታ ጓዳ፣ የፀሐይ ኃይልና የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ መሣሪያ ያለው ጀልባ በጣም ውድ ነው፤ ለጀማሪም አያስፈልግም። መጀመሪያ ባሕሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ በሰው ጀልባ፣ ከዳርቻ ሳትርቁ ቅዘፉ። ሞገዱ ሆዳችሁን ሲያገላብጠው ምን እንደሚሰማችሁ እወቁ። አንድ ሌሊት ባሕር ላይ አድራችሁ በነጋታው መቅዘፍ ስትችሉ ያኔ ስለ ጀልባ ዋጋ ጠይቁ።