ብርሃንና የአይጥ ኦቫሪ፦ ሙከራ የሚያበላሹ ስህተቶች

ብርሃን በአይጥ ኦቫሪ (እንቁላል በሚያመርተው አካል) ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ወደምናጠናበት ሥራ ለሚገቡ ተማሪዎች ሁሌ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ ከአምፖሉ በፊት ጨለማውን ፈትሹ። በየሪፖርቱ የማነጻጸሪያው ቡድን “12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ” አገኘ ተብሎ ይጻፋል። ሌሊት ክፍሉን ያየ ግን የለም። በበሩ ሥር ከኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። የማሽኑ ጠቋሚ መብራት ሲበራ ያድራል። ጥበቃው ባትሪ እያበራ ይዞራል። አንዱ ደግሞ የረሳውን ደብተር ፍለጋ በስልኩ መብራት ይገባል። ከ1 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በታች የሆነ ብርሃን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ከበራ የአይጧን ሜላቶኒን፣ ማለትም በጨለማ የሚመነጨውን ሆርሞን፣ ሊቀንሰው ይችላል። ታዲያ ማነጻጸሪያው ከምን ጋር ሊነጻጸር ነው? እባካችሁ፣ መብራቱን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ውስጥ ቁሙ። ከዚያ የሚታያችሁን ብርሃን ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ። “ቀይ መብራት አይታያቸውም” የሚባለውንም አትመኑ፤ በደንብ አይታያቸውም እንጂ ጭራሽ አይታያቸውም ማለት አይደለም።

መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር ባትሪ ከሌለው ሌላ ጣጣ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። 2 ሰዓት ከጠፋ የአይጦቹ “ንጋት” በ2 ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገው የኤልኤች ሆርሞን በድንገት የሚያሻቅበው በፕሮኢስትረስ ቀን (እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባለው የዑደት ቀን) ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነውም በብርሃን የሚስተካከለው የአንጎል ሰዓት ነው። ጠዋት ደም ቀድቶ “ኤልኤች አልጨመረም” ማለት ትርጉም የለውም። የአይጧ የመራቢያ ዑደት 4 ወይም 5 ቀን ስለሆነ፣ ቀኑን ሳይለዩ የቀዱትን ደም አማካይ ማውጣትም ያው ነው።

አንዲት ተማሪ ለሳምንታት በማያቋርጥ ብርሃን ያቆየቻት አይጥ ስሚሯ (ከብልቷ የሚወሰደው የሕዋስ ናሙና) በየቀኑ ኢስትረስ (ለመጠቃት ዝግጁ የምትሆንበትን የዑደት ደረጃ) ሲያሳይ “ይቺማ ለም ናት!” ብላ ደስ ብሏት መጣች። ኦቫሪውን በማይክሮስኮፕ ስናየው በፈሳሽ የተወጠሩ ትልልቅ ፎሊክሎች (እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች) ሞልተውታል፤ ኮርፐስ ሉቲየም (እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፎሊክሉ የሚፈጠረው አካል) ግን አንድም የለም። እንቁላል አልወጣም ማለት ነው። ኢስትረሱ ሳይቋረጥ የዘለቀው ፎሊክሎቹ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ስላላቆሙ ነው። ስለዚህ ስሚር ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ፤ ኦቫሪውን እዩ፣ ከኮርፐስ ሉቲየም የሚመነጨውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞንም ለኩ።

ነጫጭ አይጦችን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አታቆዩ፤ ኃይለኛ ብርሃን ሬቲናቸውን ይጎዳል። ኬጆቹን አፈራርቁ። ሪፖርታችሁ ላይም የአምፖሉን ዋት ሳይሆን ኬጁ ውስጥ የለካችሁትን ሉክስ ጻፉ።