የሞክሼዎ ኢሜይል እርስዎ ዘንድ ሲመጣ

በደብረ ብርሃን ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለችኝ። ከመሐል ሜዳም ከደብረ ሲናም ለሚመጡ ሥራ ፈላጊዎች ኢሜይል የምከፍተው እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ የሞክሼ ደብዳቤ ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበት የተማርኩት የሰው እንጀራ ካስቀረሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የላኪውን ስም ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ያንብቡ። ዕጣ ወጣልዎ የሚል ወይም ይህን ይጫኑ እያለ የሚያጣድፍ ከሆነ አጭበርባሪ ነውና ሳይመልሱ ይሰርዙት። የተያያዘውን ፋይል አይክፈቱ፤ የሰው ምስጢር ካልሆነ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። ብዙ ሰው ነጥቡን ይጠረጥራል። ጂሜይል ግን በስሙ መካከል ያለውን ነጥብ አይቆጥርም፤ በነጥብም ያለ ነጥብም አድራሻው የአንድ ሰው ነው። መሥሪያ ቤት በራሱ ስም በሚሰጠው አድራሻ ላይ ነው ነጥብ ዋጋ ያለው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በራስና በአባት ስም የሚገጥሙ ሞልተዋል። ኃይሉን በላቲን ፊደል አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል። በስም ላይ የልደት ዓመት መቀጠልንም አልወድም፤ በእኛ 1990 የተወለደ በፈረንጅ 1997 ወይም 1998 ነውና የትኛውን እንደጻፈ ባለቤቱም ይጠፋዋል።

ከባዱ መልሱ ነው። አንድ ጊዜ ለሞክሼዬ የሥራ ቃለ መጠይቅ ጥሪ መጣልኝ። ደንበኞች ተሰልፈው ነበርና «እኔ አይደለሁም፤ አልመጣም» ብዬ ላክሁ። በማግሥቱ «ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ ተጠባባቂውን ጠርተናል» የሚል ምላሽ ደረሰኝ። በእሱ ስም ከሚጠራ አድራሻ የተጻፈ ነው፤ ላኪው አመልካቹ ራሱ ሥራውን እንደተወ ቢቆጥር ምን ይፈረድበታል? ደግሜ ብጽፍም ጊዜው አልፎ ነበር።

ዛሬ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ይህ ደብዳቤ ለሌላ ሰው የተላከ ነው። አመልካቹ እኔ አይደለሁም፤ ስማችን ይመሳሰላል እንጂ አላውቀውም። እባክዎ በማመልከቻው ላይ ባለው ስልክ ይደውሉለት።» ስልክ የሚለው እንዳይቀር። «አድራሻውን ያርሙ» ብቻ ቢባል ላኪው እጁ ላይ ያለው አድራሻ ያው የተሳሳተው ነው፣ መልሶ ለእርስዎ ይልከዋል። በግምትም ወደ ሌላ አድራሻ አያስተላልፉ፤ ለሦስተኛ ሞክሼ ሊደርስ ይችላል።

ሞክሼዎ በእርስዎ አድራሻ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከከፈተ አያረጋግጡለት፤ «እኔ አይደለሁም» የሚል ማያያዣ ካለ እሱን ይጫኑ። የይለፍ ቃሉን ቀይሮ መግባት ይቻላል፣ ግን የሰው በር መክፈት ነው። የባንክ መልእክት ከሆነ በደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን እርስዎ በሚያውቁት ቁጥር ለባንኩ ይደውሉ። ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ላኪውን ያግዱት።

እኔ ቤት አዲስ አድራሻ የሚያወጣ ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ በወረቀት ይዞ ይሄዳል። እዚያው ቆሞ ሳለ የሙከራ ደብዳቤ እልክለታለሁ፤ ሂሳብ የምቀበለው ስልኩ ላይ ሲደርሰው ነው።