አዲስ ዶሮ ስታመጡ ወዲያው አትቀላቅሉ

በጓሮ ዶሮ ለምታረቡ ሁሉ፦ አዲስ ዶሮ ስታመጡ የዚያኑ ቀን ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሏት። ጤነኛ መስላ በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። 30 ቀን ያህል ራቅ ባለ ቦታ ለብቻዋ ትቆይ። መመገቢያና መጠጫዋም የራሷ ይሁን። በየቀኑ መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ እሷን ተንከባከቡ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጫማም ቀይሩ። ጫማውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ኩስ ግን በጫማ ሶል ተጣብቆ ይዞራል። ካስነጠሳት፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም ካስቀመጣት የእንስሳት ሐኪም ይያት። በተለይ ፈንግል አንዴ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መንጋውን ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱን በጊዜው አስከትቡ፣ እባካችሁ።

ጉዝጓዙ ሁሌም ደረቅ ይሁን። እርጥበት ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት ተውሳክ ይመቻል፤ ከኩሱ የሚወጣው የአሞኒያ ጋዝ ሽታም መተንፈሻቸውን ይጎዳል። ጎንበስ ብላችሁ በእነሱ ቁመት አሽትቱት። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ጉዝጓዙን ቀይሩና ከላይ በኩል አየር ማስገቢያ ክፈቱ።

ሽቦውንም እዩት። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ አያቆምም። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጠንካራ ሽቦ ምረጡ፤ ቆፍሮ የሚገባ እንዳይኖር ግርጌውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት።