ገመድ አልባ ማውስ ላይ ሳናውቀው የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰው «ማውሴ ሞተ» ብሎ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው ባትሪ ቤቱን ነው። ብዙ ጊዜ ማውሱ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው አያያዛችን ላይ ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ በስንት ብር የተገዛ ዕቃ፣ መሥራት እየቻለ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። እስቲ መጀመሪያ ውስጡን በጥቂቱ ላሳያችሁ።

በአንድ ደብል ኤ ባትሪ የሚሠራ ማውስ እንውሰድ። ባትሪው 1.5 ቮልት ነው። ውስጥ ያሉት እንቅስቃሴውን የሚያየው ሴንሰርና ያንን ለኮምፒውተሩ የሚልከው ራዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.8 እስከ 3.3 ቮልት ይፈልጋሉ። ልዩነቱን የሚሞላው ቡስት ኮንቨርተር የሚባል ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) አለው፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር አለው፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድና ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚይዝ ካፓሲተር አለው። ትራንዚስተሩ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይበራል ይጠፋል፤ ሲበራ ኮይሉ ከባትሪው ኃይል ወስዶ በማግኔት መልክ ያጠራቅማል፣ ሲጠፋ ደግሞ ያጠራቀመውን በባትሪው ቮልት ላይ ደርቦ በዳዮዱ በኩል ወደ ካፓሲተሩ ይገፋዋል። ቮልቱ የሚያድገው በዚህ ነው።

በነፃ ግን አይደለም። ሰርኪዩቱ በ3.3 ቮልት 10 ሚሊአምፔር ፈለገ እንበል፣ 15 በመቶው ደግሞ በመንገድ ባከነ። ከአዲስ ባትሪ የሚስበው ወደ 26 ሚሊአምፔር ነው። ባትሪው ደክሞ 1 ቮልት ሲደርስ ግን ወደ 39 ይወጣል። የደከመውን ይበልጥ ይስበዋል ማለት ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ባትሪን ሥራ ላይ ሳይሆን በባዶው መለካት ነው። ቴስተሩ 1.4 ቮልት ሲል «ባትሪው ደህና ነው፣ ማውሱ ነው የተበላሸው» ይባላል። ቴስተር እኮ ከባትሪው የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። ያረጀ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር፣ ጨምሯል፤ ራዲዮው ለመላክ ድንገት ሲስበው ቮልቱ ዘጭ ይልና ማውሱ ይጠፋል፣ መሳቡ ሲቆም ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፣ እናንተም ስትለኩት ምንም ያልሆነ ይመስላል። ባትሪ ቤቱ ውስጥ ባትሪውን የሚነካው ሞላ ከዛገም እንዲሁ ያደርጋል። ቀስቱ እየዘለለ ካስቸገራችሁ ሞላውን ጠርጉና አዲስ ባትሪ ሞክሩ።

ሁለተኛው ከቤተሰብ የወረስነው ነው። የቤቱ ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ አንዳንዱም ይነክሰዋል። ፀሐዩ ለጊዜው ይሠራል፣ እውነት ነው፤ ሙቀቱ የውስጡን ኬሚካል ያነቃቃዋል። ኃይል ግን አይጨምርም። ያንን ባትሪ መልሳችሁ ማውስ ውስጥ ስትከቱት፣ ቅድም እንዳልኩት ኮንቨርተሩ የቀረችውን አሟጦ ይስባታል። ከዚያ ያፈሳል። ርካሾቹ ዚንክ ካርቦን ባትሪዎች ላይ ይብሳል፤ የዚንክ ቆርቆሯቸው ራሱ ስለሆነ የሚበላው፣ እያለቀ ሲሄድ ይሳሳና ይቀደዳል።

ካፈሰሰስ? ከአልካላይን ባትሪ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ አየር ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ይሆናል። በባዶ እጅ አትንኩት። ጥጥ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ እያስነካችሁ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በአልኮል አጽዱት፣ በደንብ ይድረቅ። በዚህ ብቻ ያስነሳኋቸው ማውሶች አሉ። ክረምቱን ሙሉ የማትነኩት ከሆነ ደግሞ ባትሪውን አውጡት። ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ባትሪ ተቀምጦም ያፈሳል።

ሁለት ባትሪ የሚወስድ ማውስ ላይ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግም ያው ነው። በተከታታይ ከተያያዙ አሮጌው ቀድሞ ያልቅና አዲሱ በግድ ኤሌክትሪክ ያሳልፍበታል፣ ፕላስና ማይነሱ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

ማውሱን በእውነት የሚገድለው ግን ይሄኛው ነው። 14500 የሚባል ሊቲየም ባትሪ አለ፣ መጠኑ ልክ እንደ ደብል ኤ። ገጠም ይላል። ቮልቱ ግን 3.7 ነው፣ ሲሞላ 4.2። ቡስት ኮንቨርተር ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ አይችልም። የገባው ቮልት ከሚፈለገው ከበለጠ፣ በኮይሉና በዳዮዱ አልፎ ቀጥታ ቺፑ ላይ ያርፋል፣ ብዙዎቹ ቺፖች ደግሞ ከ3.6 ቮልት በላይ አይችሉም። ቻርጅ የሚደረግ ከፈለጋችሁ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ። 1.2 ቮልት መሆኑ አያስፈራችሁ፤ ሊያልቅ እስኪል ድረስ ከዚያ ብዙም አይወርድም፣ ኮንቨርተሩም የተሠራው ለዚሁ ነው። ማውሱ ባትሪው እንዳነሰ ቶሎ ሊነግራችሁ ይችላል እንጂ ሥራው ላይ ችግር የለበትም።

በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረጉት ላይ ሰው የሚፈራው ሌላ ነው። «በ65 ዋት ቻርጀር ከሰካሁት ይቃጠላል» ይላል። ደረጃውን የጠበቀ ቻርጀር ከሆነ አይቃጠልም። ቻርጀሩ መጀመሪያ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ዕቃው ራሱ ከጠየቀው ነው። ትክክለኛው ችግር ተቃራኒው ነው፦ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ስትሰኩት ጭራሽ ቻርጅ አያደርግም። አንዳንድ ርካሽ ማውስ ውስጥ «እኔ እዚህ ነኝ» ብለው ለቻርጀሩ የሚናገሩት ሁለት 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች አይገቡም፣ ቻርጀሩም ምንም የተሰካበት ስለማይመስለው ዝም ይላል። በአንድ በኩል የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ባለው ገመድ ሲሰካ ይነሳል።

እነዚህን በዩኤስቢ የሚሞሉትን ባዶ አድርጋችሁ መሳቢያ ውስጥ ለወራት አትተዉ፤ ውስጣቸው ያለው ሊቲየም ባትሪ ቮልቱ ከሚገባው በታች ይወርድና ቻርጅ አልቀበል ይላል። ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ አስቀምጡ። ቦርሳ ውስጥም ሳታጠፉ አትክተቱት፣ በተነቃነቀ ቁጥር እየነቃ ባትሪውን ይጨርሳል። ባትሪው አብጦ የማውሱ ሽፋን አልገጥም ካለ ደግሞ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ ባትሪውን አትጫኑት፣ አትብሱት።