አዲስ ቤት ሲገቡ፦ አስቀድሞ የውሃውን መዝጊያ፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ስም

ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በሌሊት ተራ ነው። እስካሁን ሰባት ቤት ቀይሬአለሁ። ስድስተኛው ቤት በገባሁ በ11ኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ተላቀቀ። ውሃው ወለሉን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ መዝጊያው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ማዶ የሚተኙትን ሰው ስምም አላውቅም። በራቸውን አንኳኩቼ «ማን ነው?» ሲሉ የምመልሰው ጠፋኝ፤ ስሜን ብናገር ለእሳቸው ምንም አይነግራቸውም። አዛውንቱ ግን ባዶ እግራቸውን ወጡ። ከደረጃው ሥር ያለችውን ትንሽ የብረት በር ከፍተው መዝጊያውን በሁለት እጃቸው አዞሩት። «ልጄ፣ የገባሽ ዕለት ብትጠይቂኝ አሳይሽ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ካርቶን ከመፍታቴ በፊት የውሃውን መዝጊያ እፈልጋለሁ። ማየት ብቻ አይበቃም፤ በእጅዎ አዙረው ይሞክሩት። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ይነክሳል፤ ችግሩ በደረሰበት ሰዓት አልዞርም ሊል ይችላል። ከጠነከረብዎት አያስገድዱት፣ ባለሙያ ይጥሩ። መዝጊያውን ካገኙ በኋላ በቤቱ ያሉትን የውሃ ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ቁጥሩ ከተለወጠ ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሳጥን ላይ ያሉትን ማጥፊያዎች ደግሞ አንድ በአንድ እያጠፉ የትኛው ክፍል እንደጨለመ ይመልከቱና በወረቀት ፕላስተር ጽፈው ይለጥፉበት። የበሩን ቁልፍ ያስለውጡ፤ ከእርስዎ በፊት ስንት ሰው ቅጂ እንደያዘ ማንም አይነግርዎትም።

ማቀዝቀዣው በመኪና ተጋድሞ ከመጣ ከመሰካትዎ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከመጭመቂያው የወጣው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን አዲስ ከሆነ ከበሮውን አስረው የሚይዙት የማጓጓዣ ብሎኖች ከኋላው መፈታታቸውን ያረጋግጡ። ብሎኖቹ ሳይፈቱ የተነሳ ማሽን በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ ራሱም ይጎዳል፣ ከታች ያሉትንም ሰዎች ሰላም ይነሳል።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለማወቅ አይድከሙ። ግድግዳ የሚጋሩዎትን፣ ከላይና ከታች ያሉትን፣ በር ለበር የሚገናኙትን ይምረጡ። በቀን ይሂዱ፤ ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን የሚያወልቅበትን ሰዓት ይተዉለት። ካንኳኩ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይበሉ፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ሙሉ ሰውነትዎን ሲያይ ይረጋጋል። ስምዎንና የትኛው ቤት እንደገቡ ይናገሩ፤ ከዚያም እዚያ የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጠይቁ። ቆሻሻ የሚነሳው መቼ ነው? ዝናብ ሲጥል የትኛው መስኮት ያስገባል? ባዶ እጄን መሄድ አሳፍሮኝ ስጦታ ይዤ የሄድኩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ተቀባዩ ምን እንደሚመልስ ሲጨነቅ አይቼ ተውኩት። የተጠየቀ ሰው ግን የሚሰጠው ነገር አለው፤ ፊቱ ሲፈታ ያዩታል። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ተመልሰው እንደገቡ ይጻፉት። እኛ ነርሶች ተራ ስንረካከብ የበሽተኛውን ሁኔታ ጽፈን ነው የምንተላለፈው፤ እኔም ያንኑ ልማድ ቤቴ አስገብቼዋለሁ። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የፎቁን በሮች በትንንሽ ሳጥን እስላለሁ፣ በየሳጥኑ ውስጥ ስም እጽፋለሁ፣ ከሥሩም አንድ መስመር፦ «የግራ ጆሮዋ ይከብዳታል፣ ጠንከር አድርጎ ማንኳኳት»፤ «ጠዋት ይተኛል»። በሁለተኛው ቀን ደረጃ ላይ ሲገናኙ በስማቸው ሰላም ይበሏቸው።

የቤቱ አቀማመጥም ሥራውን ይሠራል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማሪዎች መኖሪያ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ የራሴን ኑሮ ያነበብኩ መሰለኝ። በር ለበር ከሚጎራበቱት 41 በመቶው በጓደኝነት ሲመረጡ፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ካሉት ግን የተመረጡት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ይበልጥ ይተዋወቁ ነበር። ሰባተኛው ቤቴ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ በበሬ የሚያልፍ ሰው የለም። ስለዚህ የማነበውን ይዤ ደረጃው አጠገብ ባለው መስኮት ሥር መቀመጥ ጀመርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቆመው የማያወሩኝ ጥቂቶች ነበሩ።

ስለ ድምፅ ሳይከፉ በፊት ይነጋገሩ። እኔ ቀን ስለምተኛ ይህን አበክሬ እናገራለሁ። የላይኛው ፎቅ ልጆች ቀትር ላይ ከራሴ በላይ ይሮጡ ነበር። ተናድጄ ከአልጋ ተነሥቼ አልወጣሁም፤ ዕረፍት በነበረኝ ቀን ሄጄ እናታቸውን «የሚጫወቱት የትኛው ክፍል ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ክፍሉን አሳየችኝ፣ እኔም አልጋዬን ወደ ሌላኛው ክፍል አዛወርኩ። እሷ በበኩሏ በራሷ ፈቃድ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈች። እርስዎም ግድግዳ የሚሰረስሩ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ይንገሩ፤ ከወንበሮችዎም እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ይለጥፉ።

ብቻውን የሚኖር አዛውንት ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎን ከመታው ሙቀት የተነሣ ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በሥራዬ ላይ ለሕክምና ዘግይተው የደረሱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አንኳኪ ቢኖራቸው ኖሮ ብዬ ያዘንኩባቸው አሉ። ስልክ ይለዋወጡ፤ ከተማመናችሁም ትርፍ ቁልፍ ይስጡ። መስኮታቸው በለመደው ሰዓት ካልተከፈተ ማንኳኳት እንደሚችሉ አስቀድመው ይስማሙ።

ሁለት ጊዜ አንኳኩተው የከፈተ ከሌለ ሦስተኛ አይድገሙ፤ ወረቀት በበሩ ሥር ያስገቡ። እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። በኮሪደሩ ጫፍ የገባሁት አዲሷ ጎረቤትዎ ነኝ። የሌሊት ሥራ አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው የምገኘው። በቤቴ በኩል የሚያስቸግርዎት ድምፅ ካለ ይንገሩኝ። ስሜና ስልኬ ከታች አለ።»