ሀዋሳ ላይ የጋራ የእንስሳት መጠለያ፦ ሥራውንና ወጪውን እንዴት እንካፈል?

ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ የታየ ውሻ ማታ አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ሲለቃቅም ይገኛል። ስለዚህ አንድ ክፍለ ከተማ ብቻውን መጠለያ ቢከፍት የጎረቤቱን ውሻ ሲቀልብ ይከርማል። በጋራ መሥራቱ ያዋጣል። ግን "ይሄ ውሻ የማን ነው? ማንስ ይክፈል?" የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ውሻ ከመግባቱ በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

1. አጋሮቻችሁን ምረጡ

ከማዘጋጃ ቤቱና ከክፍለ ከተሞቹ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ሀዋሳ ዙሪያ ወረዳን ጋብዙ። ጥቁር ውሃ ወንዝን ተሻግሮ ከኦሮሚያ በኩል ካሉ ጎረቤቶች ጋር መዋዋል ሁለት ክልሎችን ያነካካል፤ እሱን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስለሚሰጥ ሐኪምና ተለማማጅ ተማሪዎች እንዲመድብ በደብዳቤ ጠይቁ። ዕድሮችንም አትርሱ። የትኛው ውሻ የማን ቤት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

2. ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ አስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀን የሚገቡትን በሚቆዩበት ቀን ማባዛት። በቀን 2 ውሻ ቢገባና እያንዳንዱ 15 ቀን ቢቆይ 30 ቦታ ያስፈልጋል። ቆይታው 30 ቀን ከሆነ 60። ለዚህ ነው ተጨማሪ ክፍል ከመገንባት በፊት አሳዳጊ መፈለግ የሚቀድመው።

የሰው ኃይሉንም ቁጠሩ። ብዙ የውጭ አገር መጠለያዎች ለአንድ እንስሳ ማጽጃና መመገቢያ በቀን 15 ደቂቃ ይይዛሉ። ለ30 ውሻ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሠራተኛ ሙሉ ቀን ነው፤ እሑድም ውሻ ይበላልና አንድ ሰው ብቻ አይበቃም።

3. ወጪውን በሁለት ቋት ክፈሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተወያዩ። የመጀመሪያው ቋት ውሻ ቢኖርም ባይኖርም የሚወጣው ነው፦ የዘበኛና የሠራተኛ ደመወዝ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጥገና። ይህን በሕዝብ ብዛት ተካፈሉ። ለምሳሌ በወር 80,000 ብር ቢሆን የሕዝቡን ሩብ የያዘ ክፍለ ከተማ 20,000 ብር ያዋጣል።

ሁለተኛው በእንስሳው ቆይታ የሚታሰብ የምግብና የጽዳት ዕቃ ወጪ ነው። 30 ውሾች ለ30 ቀን ሲቆዩ 900 የቆይታ ቀን ይሆናል። ወጪው 45,000 ብር ቢሆን የአንዱ ቀን 50 ብር ነው። 10 ውሻ አምጥቶ እያንዳንዱ 12 ቀን የቆየበት ክፍለ ከተማ 6,000 ብር ይከፍላል። ባለቤት ከተገኘ ግን ከፋዩ ባለቤቱ ነው።

ክትባትንና ማምከንን (እንዳይወልዱ ማድረግን) ግን በፍጹም በእያንዳንዱ ውሻ ቆጥራችሁ አታስከፍሉ። እጅ ያጠረው ክፍለ ከተማ ሒሳብ ፈርቶ ውሻ ማምጣቱን ያቆማል፤ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሥርጭቱን ለመግታት ደግሞ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ይህ የጋራ ጥቅም ነው፤ በሕዝብ ብዛት ከምትካፈሉት ከመጀመሪያው፣ ከጋራው ቋት ይውጣ። መርዝ ማብላት ርካሽ ይመስላል፤ ግን ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች መጥተው ቦታውን ይሞሉታል።

የጋሪ ፈረስና አህያ ለብቻ ዋጋ ይውጣላቸው። ፈረስ በውሻ ሒሳብ አይቀለብም።

4. የዕለቱን ሥራ አከፋፍሉ

ሆቴሎች ትርፍ ምግብ ይስጡ፣ ወጥ ግን አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ። ከቄራ የሚመጣ ሳንባና ጉበትም በደንብ ሳይቀቀል አይሰጥ፤ ጥሬው ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ሊይዝ ይችላል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ማን በረዶ እንደሚያመጣ አስቀድማችሁ በስም ጻፉ። ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ለብቻው ታስሮ ይታያል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ሠራተኞቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይከተቡ፤ ይህም በበጀቱ ይግባ።

5. ስምምነቱን በጽሑፍ አስፍሩ

እያንዳንዱ እንስሳ ሲገባ ቀኑ፣ የተያዘበት ቦታና ያመጣው ሰው ይመዝገብ። ከፋዩ የሚለየው በዚህ መዝገብ ነው። ቦታው ካልታወቀ ወጪው ከጋራው ቋት ይውጣ። የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። መዋጮው በየሩብ ዓመቱ ቀድሞ ይግባ፤ ውሻ ውዝፍ እስኪከፈል ጾሙን አያድርም። መውጣት የሚፈልግ አጋር ከ6 ወር በፊት ያሳውቅ፤ የገዛው ማቀዝቀዣና አጥር ለመጠለያው እንደሚቀርም ውሉ ላይ ይስፈር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ውሉና የወጪ ዝርዝሩ ክፍለ ከተሞቹ ዕቅድ በሚያዘጋጁባቸው የበጋ ወራት እጃቸው መግባት አለበት።